የመንግሥት ቆመጥ መጨረሻ የታየበት ቦታ

በንጉሡ ዘመን ፖሊስ አይጠየቅም ነበር የሚባለው ውሸት ነው። ይጠየቅ ነበር። እኔ ራሴ ሲጠየቅ አይቻለሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከሰቆጣ ዳር ባለ ሜዳ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የአገሩ ሰው ዙሪያውን ከቦት። እርግጥ የተጠየቀው ሰው ስለ መምታቱ አልነበረም። የተጠየቀው ዱላው የት እንደ ገባ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል፤ ያኔ ለእኔም መስሎኝ ነበር።

የዘመኔ ሰዎች በዚህ ነገር ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ወገን ብርሌ ሲጨብጥ «ያኔ እኮ ፖሊስ ሲያልፍ ውሻም አይጮህ!» ይልና የድሮውን ጊዜ ይረግማል። ሌላው ወገን ያችኑ ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ሳይለውጥ ይናገርና የድሮውን ጊዜ ያመሰግንባታል። ሁለቱንም አላምንም። ሰቆጣ ሳለሁ ፖሊስ ሲያልፍ ውሾቹ ይጮሁ ነበር፤ እንዲያውም ከሌላው መንገደኛ አብልጠው ይጮሁበት ነበር።

ሰቆጣ የሄድሁት ጸሐፊ ሆኜ ተመድቤ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከደሴ እስከ ኮረም በጭነት መኪና፣ ከኮረም ወዲያ በበቅሎ። በቅሎዋ መንገዱን ከእኔ አብልጣ ስለምታውቅ አልተከራከርሁም። ከኋላ በሌላ በቅሎ የመጻሕፍት ሣጥኔ ይከተለኛል። በዚያ አገር ከእኔ በቀር መጽሐፍ ያነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ዳዊት የሚደግሙትን ሁሉ አልቆጠርኋቸውም። ሥራዬ ሰው የተናገረውን በቀለም መጻፍ ነው። ተናጋሪው ሲዋሽ ውሸቱን በጥሩ እጅ ጽሑፍ እጽፍለታለሁ። ሥራዬን በዚህ ዓይነት ትህትና እሠራው ነበር።

የምሠራባት ክፍል ከፖሊስ ጣቢያው ጋር አንድ ግንብ ትጋራለች። ከግንቡ ወዲያ ማረፊያ ቤቱ ነው፤ የታሰረ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ጣቢያውን የያዘው አንድ አስር አለቃ ነበር። ከሌላ አገር የመጣ፣ እንደ እኔው እንግዳ።

ጭራቅ አልነበረም። ይህን የምለው ላስተዛዝንለት አይደለም፤ ጭራቅ ቢሆን ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። ሽምብራ ሲቆላ ያካፍለኛል። ጾም አይገድፍም። ድመቱ በወለደች ጊዜ አልጋውን ለቆላት መሬት የተኛ ሰው ነው። ቆመጡን ግን ከድመቲቱም አብልጦ ይወደው ነበር። ጥቁር፣ ክብደት ያለው፣ እጀታው ላይ ቁጥር የተመታበት አጭር ዱላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ይቀባዋል። በንብረት መዝገብ ፈርሞ የተረከበው ስለሆነ፣ ቢጠፋበት በምን በምን እንደሚጠየቅ በቃሉ ያውቀዋል። አንድ ቀን ቆሎ እየበላን፣ በቆመጡ ሰው ቢጎዳበትስ በምን እንደሚጠየቅ ጠየቅሁት።

«ለእሱ እንኳ ቅጽ አልተሰጠንም» አለኝ፣ ቅር ሳይለው።

ማታ ማታ ባንዲራ ሲወርድ ፊሽካ ይነፋል። ፊሽካው ሲነፋ ያለ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ውኃ የተሸከመች ከነእንስራዋ፣ ጠላ የጀመረ ከነዋንጫው። ባንዲራው ወርዶ እስኪታጠፍ ድረስ ከተማው ሥዕል ይመስላል። እኔ ነገሩን እወደው ነበር፤ በቀን አንድ ጊዜ ሰቆጣ ዝም የምትለው ያኔ ብቻ ነው።

በግንቦት ወር አንድ ማክሰኞ፣ ገበያው ሲበተን፣ ሰቆጣ አጠገብ ካለው የዝቋላ ቆላ የመጣ አንድ ሰው አራት ፍየሎች እየነዳ በጣቢያው በኩል ያልፋል። አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው። ስድስት አምጥቶ ሁለቱን ሸጧል፤ የአራቱ ዋጋ ስላልጣመው ይዟቸው ይመለሳል። ፊሽካው ተነፋ። ሰውዬው ወግ ባለው አኳኋን ቆመ፤ ጋቢውን ከራሱ አውርዶ፣ እጁን አጣምሮ። ፍየሎቹ ግን አልቆሙም። ሦስቱ ግቢውን አቋርጠው የአስር አለቃውን የጎመን መደብ መጎብኘት ጀመሩ። አራተኛዋ፣ አንዲት ነጭ ሙሽት፣ የባንዲራው ምሰሶ የተተከለበት ድንጋይ ላይ ወጣችና ገመዱን ማኘክ ያዘች። ባንዲራው ምሰሶው አጋማሽ ላይ ቆመ። አስር አለቃው ከታች ይስባል፤ ፍየሏ ከመሐል ትስባለች። እኛ ሁላችን ቆመናል፤ መንቀሳቀስ ክልክል ነው።

እንደ ምንም ወረደ። ታጠፈ። አስር አለቃው ዞረ።

«የማን ናቸው?»

«የእኔ ናቸው ጌታዬ።»

«ለምን አላቆምሃቸውም?»

«ካልተነቃነቅሁ በምን ላቁማቸው? እኔ ቆሜያለሁ። ፊሽካ ለፍየል ማን አስተማራት?»

ሰው ሳቀ። ቀድሞ የሳቀው ማን እንደሆነ አልደብቅም፤ እኔ ነኝ። ከደረጃው ላይ፣ ጮክ ብዬ። ያንን ሰው ያስመታው ፍየሏ ገመድ መብላቷ አይደለም፤ ሳቁ ነው። የተሳቀበት ባለ ሥልጣን ሳቁን ከሳቂዎቹ መሰብሰብ ሲያቅተው ካሳቀው ሰው ላይ ይሰበስባል።

የመጀመሪያው ትከሻው ላይ ነበር። ሁለተኛው ጀርባው ላይ። ሰውዬው ያኔ «በሕግ አምላክ!» አለ። በዚያ አገር ይህ ቃል ከተጠራ ውኃ የሚጠጣም ያቆማል፤ ሁለት ሰው እየተናነቀ ሳለ ቃሉን የሰማ እጁን ያነሣል። አስር አለቃው አላቆመም። ሰውዬው ሁለተኛ «በሕግ አምላክ!» አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማንም፤ የሰማነው የቆመጡን ስብራት ነው። ግማሹ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ በረረ። ግማሹ እጁ ላይ ቀረ። አስር አለቃው የቀረውን አየና ፊቱ ተለወጠ፤ እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም። የደነገጠው ስለ ቆመጡ ነበር።

ሰውዬውን ማረፊያ ቤት አስገባው። ፍየሎቹን ግቢው ውስጥ አሰራቸው። ሰዉ ሄደ። እኔም ገብቼ ራቴን በላሁ። ወጡ ጥሩ ነበር።

በማግስቱ አስር አለቃው ወደ ክፍሌ ገባ። ንብረት የሚቆጣጠር መቶ አለቃ ከደሴ ተነሥቷል የሚል ወሬ ደርሶታል።

«ጸሐፊ፣ ቆመጤ ጠፋ» አለኝ።

«ተሰበረ እንጂ?»

«ጠፋ አልሁህ! በገበያ ግርግር ባለ ፍየሉ ነጠቀኝ፤ ነጥቆ ለግብረ አበሮቹ አቀበለ። እንደዚህ ብለህ ጻፍ።»

ጻፍሁ። ከሥሩም «ቃል ተቀባይ» ብዬ ፈረምሁ። የእጅ ጽሑፌ ያን ቀን በተለይ ያምር ነበር።

የወረቀቱ ትርጉም ይህ ነው፦ የመንግሥት ንብረት ከፖሊስ እጅ የነጠቀ ሰው ደሴ ይወርዳል። ደሴ የወረደ ሰው ፍርዱን እስኪያገኝ ክረምቱ ያልፋል። የዝቋላ ማሽላ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ ዝናቡ ጠብ ሲል ካልተዘራ ያ ቤት ዓመቱን ሙሉ የሰው ደጅ ያያል። ሰውዬው ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ስለ ጀርባው አንድም ቀን አልነገረኝም። ጠዋት ጠዋት ግንቡን ያንኳኳና በግንቡ ስንጥቅ ይጠይቀኛል፦

«ጸሐፊ፣ ደመና አለ?»

በራፌ ላይ ወጥቼ ወደ ዝቋላ በኩል አያለሁ። «የለም!»

«እሰይ። ፍየሎቼስ?»

«የአስር አለቃውን ጎመን እየጨረሱ ነው።»

«እሰይ» ይላል ደግሞ።

እንዲህ እያልን አምስት ቀን ሰነበትን። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ወጥቼ ሳይ ወደ ዝቋላ በኩል የበግ ጠጉር የሚያህል ደመና አለ። «የለም» አልሁት። ለታሰረ ሰው ውሸት መናገሬ ያኔ ነው የተሰማኝ፤ የጻፍሁትን ውሸት ግን ረስቼው ነበር።

አስር አለቃው ወረቀቱ ቢበቃው ኖሮ ነገሩ እንዳሰበው ይሄድለት ነበር። ግን ትጉህ ሰው ነው። መቶ አለቃው «ፈልገሃል ወይ?» ቢለው የሚመልሰው እንዲኖረው አውጫጭኝ ይጠራልኝ አለ። ለማያውቀው አንባቢ፣ አውጫጭኝ ማለት አንድ ነገር ሲጠፋ ወይም ሰው ሲበደል የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ቤቱ ሳይገባ የሚጠያየቅበት ሸንጎ ነው። ያየ አየሁ፣ የሰማ ሰማሁ ይላል። በግልጽ መናገር የፈራ ለሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ሹክ ይላል፤ ስሙ አይነሣም፣ «ወፍ ነገረችን» ይባላል። ለአስር አለቃው አውጫጭኝ ማለት ገበሬ የሚያናዝዝ መሣሪያ ነበር። ከእኛ ሁለት እንግዶች ማንኛችንም ያላወቅነው ነገር፣ አውጫጭኝ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዳለውና ያንን ጥያቄ ሰው ሳይመርጥ እንደሚጠይቅ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ተሰበሰቡ። ስንቃቸውን ቂጣና ቆሎ ቋጥረው፣ እንደ ሠርግ ቤት እየተቀላለዱ መጡ። ሸንጎውን የመሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥርስ የላቸውም፣ ቃል ግን አያመልጣቸውም። ከሰዉ ብዙው የሚናገረው በኽምጣንጋ ስለሆነ ለእኔ ወደ አማርኛ የሚመልሱልኝ እሳቸው ናቸው።

«የጠፋው ምንድን ነው?» አሉ።

«የመንግሥት ቆመጥ» አለ አስር አለቃው።

«የመንግሥት! እንግዲያ ጨዋታ አይደለም። ሁሉም ይማል?»

«ሁሉም!»

«እዚህ አገር ያደረ ሁሉ?»

«ማንም እንዳይቀር!»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፍ ልጄ። ማንም እንዳይቀር ብሏል።»

ጻፍሁ። አብረው የመጡት ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው የደበቀውን ገዘቱ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጥያቄው አንድ ነው። ያንን ቆመጥ መጨረሻ ያየኸው የት ነው? ወፍ መሆን የፈለገ ወደ ጆሮዬ ይምጣ።»

አንድ ማር ሻጭ ገበሬ ተነሣ። «ለዚህ ወፍ ምን ያደርጋል?» አለ በአማርኛ፣ ሁሉ እንዲሰማው። «በቀን ነው ያየሁት፣ እንደ ሰው እናገራለሁ።» መስቀሉን ሳመና ወደ ኽምጣንጋ ገባ። እጁን እያወናጨፈ፣ እየጎነበሰ፣ እየተነሣ፣ ብዙ ተናገረ። ብዕሬን ነክሬ ጠበቅሁ።

«ጀርባው ላይ ነው ይላል» አሉ ሽማግሌው።

«የማን?» አለ አስር አለቃው።

«የባለ ፍየሉ። ቀጥል፣ ሌላ!»

ሌላው ተነሣ። እሱም ብዙ ተናገረ።

«ይኼም ጀርባው ላይ ነው ይላል።»

አንዲት እንስራ ሻጭ ተነሣች።

«ይቺ ትከሻው ላይ ነው ትላለች። የቆመችው በጎን በኩል ነው፤ እንዳየችው ነው።»

«ጀርባ። ጻፍ ልጄ። ይኼም ጀርባ። ይኼ ጀርባና ክንድ።»

አስር አለቃው ከድንጋዩ ብድግ አለ። «ተማክረው ነው! እኔን መክሰሳቸው ነው!»

«ማን ከሰሰህ?» አሉ ሽማግሌው፣ ከልባቸው ተደንቀው። «ሰው ዱላህን የት እንዳየ ይነግርሃል እንጂ። ጠፋብኝ ያልኸውም፣ ያስማልኸንም አንተ ነህ። ተቀመጥ ልጄ፣ ፀሐይ ነው።»

ተቀመጠ። እኔ እጽፋለሁ። የሳቅ ድምፅ አልነበረም፤ ግን የሰዉ ፊት ሁሉ ቀስ እያለ እንደ ምድጃ ሞቀ። አንድም ሰው «አስር አለቃው መታ» አላለም። አንድም ሰው አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም። ሁሉም አንድን የመንግሥት እንጨት በታማኝነት ይፈልግ ነበር።

አመሻሽ ላይ መቶ አለቃው ከደሴ ደረሰ። የደከመው፣ በቅሎ የፈጀው ሰው ነው። የእኔን የመጀመሪያ ወረቀት ተቀብሎ አነበበና በኪሱ ከተተው። ሰዉ እንደ ደንቡ ሜዳው ላይ አደረ።

ዓርብ ጠዋት ሽማግሌው ገና ሳይቀመጡ፣ «ከጣቢያው ኋላ የሚኖሩት እማሆይ አልመጡም» አሉ።

«መነኩሲት ምን ያውቃሉ? እሳቸው ይቅሩ» አለ አስር አለቃው።

«ማንም እንዳይቀር ተብሎ ተጽፏል። ልጄ፣ አልጻፍህም?»

«ጽፌያለሁ አባቴ።»

እማሆይ መጡ። ትንሽ፣ ፈጣን፣ ቁጡ ሴት ናቸው። ነጠላቸው ሥር አንድ ነገር ይዘዋል። ጥያቄው ሲነገራቸው አወጡት። ጥቁር፣ ቅቤ የጠገበ፣ ጫፉ የተሰነጠረ ግማሽ ዱላ።

«ይኼ ነው?» አሉ።

መቶ አለቃው ተቀብሎ አገላበጠው።

«ከየት አገኙት እማሆይ?» አለ መቶ አለቃው።

«እኔ መች ፈለግሁትና! ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማታ ዶሮዎቼን ሳስገባ፣ ፊሽካው ሲነፋ ቆምሁ። ቀጥሎ የሰው ጩኸት ሰማሁ። ቀጥሎ ይኼ እንደ አንበጣ በአጥር ዘሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ከሰማይ የወረደ እንጨት የመንግሥት ይሆናል ብዬ አላሰብሁም።»

«ምን አደረጉበት?»

«የዶሮ ቤቴን በር ደገፍሁበት። ጥሩ እንጨት ነው፤ ቀበሮም አልገፋው። ስትጨርሱ ትመልሱልኛላችሁ?»

ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። መቶ አለቃው እንኳ አፉን በእጁ ከለለ። ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ሜዳውን ዞረው አዩ።

«ያልተጠየቁ ሁለት ሰዎች ቀርተዋል» አሉ። ጣታቸውም ወደ እኔ መጣ። «አንተ ልጄ፣ እዚህ አገር አይደል ያደርኸው?»

ይህን አልጠበቅሁም። ጸሐፊ የሚጽፍ እንጂ የሚጠየቅ አይመስለኝም ነበር። ወረቀቱ በመቶ አለቃው ኪስ ውስጥ ነው፤ «ነጠቀኝ» የሚለው፣ በእኔ ቀለም፣ በእኔ ፊርማ። ጀርባው ላይ ካልሁ የራሴን ወረቀት ማፍረሴ ነው፤ ከሥራ መባረር ቢያንስ፣ መታሰር ቢበዛ። አላየሁም ካልሁ ማንም አያስተባብለኝም። ቀና ስል ወደ ዝቋላ በኩል ያለው ደመና የበግ ጠጉር መሆኑ ቀርቶ በግ አክሏል። ባለ ፍየሉ ከመሐል፣ በሁለት ዘበኞች መካከል ተቀምጦ እሱም ያንኑ ደመና ያያል። እንደዋሸሁት ገባው። ወደ እኔ ግን አልዞረም።

መስቀሉን ሳምሁ። «ጀርባው ላይ» አልሁ። «የጻፍሁትም ወረቀት ውሸት ነው። ያን ዕለት ቀድሜ የሳቅሁትም እኔ ነኝ።»

«ሳቅ አልጠፋብንም» አሉ ሽማግሌው። «የቆመጡን ብቻ ጻፍ።»

የራሴን ቃል ራሴ ተቀብዬ፣ ራሴ ጽፌ፣ ከሥሩ ራሴ ፈረምሁ። እጅ ጽሑፌ እንደዚያ ቀን አስቀያሚ ሆኖ አያውቅም።

አስር አለቃው ቀረ። ቄሱ መስቀሉን ዘረጉለት። ሊስም ጎንበስ አለና ሳይስም ቀና አለ። ሰው ለመምታት ያልፈራ ሰው መስቀል ስሞ ለመዋሸት ይፈራል፤ ይህን አይቼ ከተናደድሁ በኋላ፣ ቢያንስ አንድ የሚፈራው ነገር በመኖሩ አመሰገንሁ። ዛሬ ዱላ በያዘ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ያንኑ አንዱን ፍርሃት እፈልጋለሁ።

«ጀርባው ላይ» አለ በመጨረሻ። «ሌላው ግማሽ ከአልጋዬ ሥር ነው። ድመቲቱ ተኝታበታለች።»

ግማሹ መጣ። ሁለቱ ስንጥር ለስንጥር ገጠሙ።

መቶ አለቃው የንብረት ቅጹን አወጣና ለእኔ ሰጠኝ። ጠባብ ዓምድ አለችው፣ «የተሰበረበት ምክንያት» የምትል። «በሥራ ላይ ሳለ ተሰበረ ብለህ ጻፍና ይብቃን» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወደ ቤቱ መመለስ የፈለገ ሰው ነበር። ብዙ ክፋት የሚጻፈው እንደዚህ ባሉ ሰዎች እጅ ነው።

«ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው ዝቅ ብለው፣ «ሥራው ምን እንደነበረ አብሮ ይጻፍልን።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ሕግ ወፍራም ወፍራም መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ከዚያ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁባቸውም። መቶ አለቃው የተሰበሰበውን ሰው አየ፤ በአውራ ጣት አሻራ የተሞላውን የወረቀት ክምር አየ። ከዚያ ወደ እኔ አንገቱን ነቀነቀ። ዓምዷ ጠባብ ስለሆነች ፊደሌን አሳንሼ ጻፍሁ፦ «በሕግ አምላክ ያለ ሰው ጀርባ ላይ።» አነበበው። ፈረመ።

ባለ ፍየሉ ያኑ ዕለት ተፈታ። ሽማግሌዎቹ አስር አለቃውን በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ገበያው እንደሞላ፣ በአገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ አስጠየቁት። ባለ ፍየሉ አንዱን ክንዱን ማንሣት ስላቃተው ድንጋዩን ያወረደለት በሌላው ክንዱ ነው። የተመታው ክንድ ከዚያ ወዲያ ከትከሻው በላይ አልወጣም፤ ይህን ቆንጆ ታሪክ አደርገዋለሁ ብዬ አልሸፍነውም። ማሽላውን ግን ዘራ። እኔ የሥራ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ማስጠንቀቂያውን የጻፍሁት ራሴ ነኝ፣ ሌላ ጸሐፊ አልነበረም። እማሆይ ግማሽ ዱላውን ደጋግመው ጠየቁ፤ ኤግዚቢት ነው ተብለው አልተመለሰላቸውም። ይህን በደል እስካሁን የካሰ የለም።

አስር አለቃው አዲስ ቆመጥ እንዲሰጠው ወደ ደሴ ጻፍን። ደሴ ላይ ቆመጡ የተሰበረበትን ምክንያት ያነበበው ሁሉ ለሌላው ሲያሳይ ይመስለኛል፣ መልሱ ከዓመት በላይ ቆየ። ያን ዓመት ባዶ እጁን ዞረ። ሰዎች ሰቆጣን ሌባ የሚውጣት መስሏቸው ነበር። እኔ ያየሁት ለውጥ አንድ ብቻ ነው፦ አስር አለቃው መናገር ለመደ። ማክሰኞ ማክሰኞ ባንዲራ ሊያወርድ ሲል፣ ፊሽካውን አፉ ላይ ከማድረጉ በፊት ወደ መንገዱ ዞሮ ይጣራል፦

«አያ፣ ልነፋ ነው! ፍየሎችህን ያዝ!»

ባለ ፍየሉ በደህና ክንዱ ነጪቱን ፍየል ቀንዷን ይይዛል። ለእኔም ከሩቅ ይጣራል። «ጸሐፊ፣ ደመና አለ?» እውነቱን እነግረዋለሁ።

ታሪኩን ስናገር የሚቀየሙኝ አሉ። ሰውዬውን የመታው ሰው የተጠየቀው ስለ ዱላው መሆኑ ያሳፍራል ይሉኛል። ያሳፍራል። ለዱላ ቅጽ ነበረ፤ ለጀርባ አልነበረም። ያ ሸንጎ የሠራው ሥራ ጀርባውን በዱላው ቅጽ ማስገባት ነው። ለጀርባ ቅጽ እስኪታተም ቁጭ ብለው ቢጠብቁ ኖሮ ማሽላው አይዘራም ነበር።

እንግዲህ አንተም፣ ይህን ቁጭ ብለህ የምታነብ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ፖሊስ ሰው ሲመታ ካየህ፣ «ምን ዘመን መጣ» እያልህ ለእኔ አትንገረኝ። ዱላውን መጨረሻ የት እንዳየኸው ጻፍና ስምህን ከሥሩ አድርግ። ራትህን ከዚያ በኋላ ብላ።